ለአማቾቹ ብድግ ማለት

ወልድያ ውስጥ ሰው ስፖርት ማሠራት ምን እንደሆነ የገባኝ ፊሽካዬን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት የማሠራቸው የመንግሥት ሠራተኞች ገና ላብ ላብ ሲላቸው አንድ ጎልማሳ አርፍዶ ይገባል። በቃ፣ ሁሉም የያዘውን ጥሎ «ኖር!» ይላል። እሱም «በእግዜር!» ይላል። ከዚያ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ... ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ቁጭ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። ፊሽካዬን እነፋለሁ፣ እነፋለሁ። ማን ሰምቶኝ!

አንድ ቀን ንዴቴ ራሱ መላ አመጣልኝ። «እሺ፣ ሁላችሁም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ! አርፋጁ ወጥቶ ይግባ፣ እናንተም ተነሱለት። አሥር ጊዜ!» አልኳቸው። ያ የፈረደበት አርፋጅ አሥር ጊዜ ገባ፤ አሥር ጊዜ ተነሱ። ለጭን ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ አለ? በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ። በማግስቱ አንዷ ሙስሊም ሠልጣኜ ሆን ብላ አርፍዳ መጣችና «በአላህ አትነሱ!» እያለች ስትገባ ስትወጣ አስነሳቻቸው።

ይህን ማታ ለአከራዬ አወራሁላቸው። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ለኔ ሰው ይነሳል። እኔ ግን ያለ ደጋፊ ለማንም መነሳት ካቃተኝ ሰነበትኩ» አሉ።

ሐኪሙ ጉልበትዎ እንዲጠነክር ይንቀሳቀሱ ብሏቸው ነበር፤ ማን ይንቀሳቀሳል! የልጅ ልጃቸው መርሳ ከተማ ልትዳር ሁለት ወር ቀርቷታል። የሙሽራው ወገኖች ሲገቡ የቤቱ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሊቀበል ነው? «ሰው እንደ ጆንያ አንስቶኝ አማች ከምቀበል ብቀር ይሻላል» አሉ። ለልጅቷ ገና አልነገሯትም። አንጀቴን በሉት።

«ነገ ከኔ ጋር ይመጣሉ» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

«እኔ የምፈልገው ጉልበትዎን ነው። አንቱ ካልመጡ እሱን ይላኩልኝ!»

ሳቁ። በባጃጅ ወሰድኳቸው።

ከፍ ካለ ቦታ መነሳት ስለሚቀል ወንበራቸው ላይ ሁለት ትራስ ደረብኩ። ይቁጠሩ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ እንግዳ ይጠራልኝ አሉ። ሠልጣኞቼም ተቀባበሉት። «ቄሱ ገቡ!» ብድግ። «የግራናው አጎትዎ መጡ!» ብድግ። «ግብር ሰብሳቢው መጣ!»

«ለሱስ ደክሞኛል!» ብለው ተደላድለው ተቀመጡ። ከሠልጣኞቼ ግማሾቹ ግብር ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ሳቃችን አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ትራስ አነሳሁ። በአምስተኛው ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ወደቁ። ምርኩዛቸውን ወርውረው «የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ!» አሉኝ። ለሁለት ቀን በራቸውን ዘጉ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ቸኩዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ደጃቸው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጋቢያቸውን አራት አጥፌ በትራሱ ፈንታ አነጠፍኩ። በየሳምንቱ አንድ እጥፍ እየቀነስን ሄድን።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። የሰጧቸው የፕላስቲክ ወንበር ዝቅ ያለ ነው። «አማቾቹ መጡ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። ምርኩዛቸውን አጠገባቸው ላለው ሰው አቀበሉት። እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ዘንበል አደረጉ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቆሙ፤ ማንም ሳይነካቸው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!» አሉ፤ ድምፃቸው ከእልልታው በላይ ተሰማ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዓይኔን ከጉልበታቸው መንቀል አቃተኝ። ቀና ስል ዳሱ ሙሉ ሰው ቆሟል፤ አማቾቹ ሁሉ እኔን ያዩኛል። ሽማግሌውም ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ይጎልትሻል? ለሰው ብድግ አይባልም እንዴ!»