የእማማ ኪኑዮ ውሃ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም፤ ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ። እማማ ኪኑዮን ያወቅኳቸው በጉድጓዳችን ምክንያት ነው። ሂሮሺማ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ሹኪቺ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚወጣ እንደ አይብ ለስላሳ ምግብ፣ እንሠራለን፤ አኩሪ አተሩን የምንዘፈዝፈው በዚያ ጉድጓድ ውሃ ነው። አንድ ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ይዘው መጡ።

"ቶፉ አልገዛም። ውሃ ስጪኝ፣ ቀዝቃዛውን።"

"ለማን ነው እማማ?"

"ለተጠሙ።"

አቶሚክ ቦምቡ ከተማችን ላይ የወደቀ ቀን እሳቸው የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የተቃጠለው ሰው ሁሉ "ውሃ፣ ውሃ" ይላል። የተቃጠለ ሰው ውሃ ከጠጣ ይሞታል ስለተባለ ግን የሚሰጥ የለም። እሳቸውን አንዲት የማያውቋት ሴት፣ እሷም ቆስላ፣ በተጣመመ የድስት ክዳን አጠጣቻቸው። ተረፉ። ሴትየዋን ዳግም አላዩዋትም።

እኛ ከተማ ቦምቡ የወደቀበት ቀን ሲደርስ ለሙታን ውሃ ይቀርባል። እማማም በየዓመቱ ወንዙ ዳር ያለው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ያፈሳሉ። "ጠጪ እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳሁም" ይላሉ።

አምና ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደጃፋችን ቁጭ ብለው፣ "ቶፉሽ እንኳን ከኔ ጉልበት ይጠነክራል" አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። "እኔ ከቀረሁ ማን ያጠጣታል?"

ሹኪቺ ከውስጥ ሰምቶ፣ "ቶፉ የምናዞርበት ጋሪ አለ አይደል? እሱ ላይ እንጭንዎታለን" አለ።

"እኔ ቶፉ ነኝ እንዴ?"

"ቶፉማ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር።"

እየገፋን ወሰድናቸው። ድንጋዩ ጋ እንግዳ ይዞ የመጣ አንድ ሹፌር ቆሟል። ውሃው ለማን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የሴትየዋን ነገር አጫወቱት።

"እማማ፣ ሌላው አገር ይሄ ቦምብ ካለው እኛም ቢኖረን አይሻልም?" አላቸው።

እማማ አልተቆጡም። "ልጄ፣ ያን ቀን ሐኪሙም ነርሷም ተቃጥለው ነበር። ማን ማንን ይርዳ? የእኛ ነው ብለህ ብትጥለውም፣ የወደቀበት አገር ልጅ ይጠማል፣ የሚያጠጣው ያጣል። ከሁሉም እጅ ነው መጥፋት ያለበት።" ጠርሙሱን ሰጡት። "እስቲ አንተ አፍስስላት።"

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ስንመለስ እማማ ጋሪው ላይ ሆነው፣ "አሁን ከቀረሁም አትጠማም" አሉ። ሹኪቺ ቶሎ ቶሎ መግፋት ጀመረ፤ ሲከፋውም ሲደሰትም እንደዚያ ነው። እኔ ለእማማም ለዚያች ለማናውቃት ሴትም ምስጋና አለብኝ።

ወደ ሂሮሺማ ከመጣችሁ እባካችሁ እማማን ጠይቋቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን አይጠፉም። ባዶ ጠርሙስ ያዙ፤ ውሃው ከእኛ።