የቢቸናው ናያጋራ

የዓለምን ድንቃድንቅ ሁሉ ያየሁት ከቢቸና ሳልወጣ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሰፈራችን ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ትልልቅ የታተሙ መጋረጃዎች ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። አንዱን ገመድ ሲለቁት የቻይና ግንብ ይወርዳል፤ ሌላውን ሲለቁት ፒራሚድ ከነግመሉ። ፎቶ አንሺው ደግሞ ቀልድ የሚባል አያውቅም። «ኤፍል ማማ ላይ ሰው አለ፣ ተራሽን ጠብቂ» ይላል ኮስተር ብሎ። አንድ ቀን ፒራሚዱን ብጠይቀው «ታጥቦ አልደረቀም» ቢለኝ ሳቄን ማቆም አቅቶኝ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሳቅ ይቀድመኛል። እናቴ «ይህ ጥርስሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል» ትለኛለች።

ጥርሴ ጉድ ሳያደርገኝ ናያጋራ ቀደመው።

እጮኛዬ የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ የቅኔ መምህር ስለሆኑ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት «እስቲ የልጅቷን ፎቶ ልይ» አሉ። እኔም ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ፎቶ ቤት ገባሁ። የናያጋራ ፏፏቴ ያለበትን መጋረጃ የመረጥኩት ለቀሚሴ ስለሄደልኝ ብቻ ነው። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ያን ሁሉ የፈረንጅ ውኃ ከኋላዬ አሰልፌ፣ ጥርሴን በሙሉ አሳይቼ ተነሣሁ።

ፎቶው ሞጣ ደረሰ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ «ልጅቷ ፏፏቴ ሥር ቆማ ቀሚሷ አልራሰም። ወይ ውኃው አባይ ነው፣ ወይ ልጅቷ» አሉ አሉ።

አባይ ወንዙም ነው፣ ውሸታሙም ነው። እጮኛዬ ይህን በስልክ ሲነግረኝ በሳቅ ፈነዳሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ሽማግሌ አልልክም ብለዋል» አለኝ።

«መጋረጃ መሆኑን አላወቁም እንዴ?»

«አውቀዋል። የባሕር ማዶ መጋረጃ ፊት የቆመች ልጅ ልቧ ተሳፍሯል ነው የሚሉት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ነገረኝ። ታላቅ እኅቱ ለሥራ ዱባይ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየበዓሉ እዚያ ያለው የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ፊት ቆማ የተነሣችውን ፎቶ ትልካለች። ለሚመጣው ፋሲካ እመጣለሁ ትላለች፤ ፋሲካው ይመጣል፣ እሷ ትቀራለች። የኔታ «አንዷ ትበቃኛለች» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። እጮኛዬን እወደው ነበር፤ በቀሚስ ቀለም ላጣው መሆኑ ሲገባኝ እንባዬ መጣ።

«እዚሁ ይምጡና መጋረጃውንም እኔንም ይዩን» አልኩት።

በገበያ ቀን ከልጃቸው ጋር በሚኒባስ መጡ። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ጭራቸው በእጃቸው። ጉልበታቸውን ስሜ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ወሰድኳቸው። ፎቶ አንሺው ገመዱን ሲለቀው ናያጋራ ዱብ አለ። የኔታ ቀረብ ብለው ፏፏቴውን በጣታቸው ነኩት፤ ጫፉን ገልጠውም ከኋላው ያለውን ግድግዳ አዩ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ጨዋ መልስ ነበረኝ፤ ድራሹ ጠፋ። «የኔታ፣ እኔ ሞጣ እንኳ ለመሄድ ሽማግሌ እየጠበቅሁ ነው» አልኩና በድንጋጤ ሳቄ አመለጠኝ። አበቃልኝ ብዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። የኔታ ጭራቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው እየሳቁ መሆኑን ያወቅሁት።

«እንግዲያስ ሽማግሌው ይላካል» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ቀጥለው ወደ ፎቶ አንሺው ዞሩ። «የዱባዩ ሕንፃ አለህ?»

«አለ፣ ግን ጫፉ ተቀዷል።»

«ይቀደድ። እኔ ጫፉ ላይ አልወጣ።»

ጥምጣማቸውን አስተካክለው ሕንፃው ፊት ቆሙ። ፎቶ አንሺው ፈገግ እንዲሉ ቢለምናቸው «ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ደክሞኛል» አሉት። እጮኛዬ ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል፤ እኔማ በሳቅ ቁጭ ብያለሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፎቶው ሲያልቅ በእጮኛዬ ስልክ ዱባይ ላለችው ልጃቸው አስላኩት፤ ከሥሩ የሚጻፈውንም ራሳቸው አስጻፉ፦ «መጥቼ አጣሁሽ።»

ይህን ሲሉ ፎቶ አንሺው እንኳ ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። እጮኛዬ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰጣቸው። በመጀመሪያ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ የሚያለከልክ የሴት ትንፋሽ።

«አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ባሉበት ይቁሙ! እየወረድኩ ነው፣ መጣሁ። ከሕንፃው በየትኛው በር በኩል ነዎት?»

ሳቃችን ቆመ። ያ ሁሉ ቅኔ ከአፋቸው የሚፈስ ሰው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለ ቅኔ መለሱላት።

«ቢቸና ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ወደ ቢቸና ነይ።»