በቅጹ ላይ የጻፍኩት ስም

ከውጫሌ ወጣ ብሎ ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሰው ገብቶበታል፤ ሽታው ግን እዚያው ነው። በሩ ሲዘጋብኝ ዓይኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። እስረኞቹ ፈርቶ ነው ብለው "አብሽር፣ ይለመዳል" አሉኝ። ኧረ ሽታው ነው ብል ማን ያምነኛል! እርግጥ ፈርቼም ነበር።

የያዙኝ በአምባሰል በኩል ተኩስ መሃል ስለቀሩ ገበሬዎች ዘግቤ ስመለስ ኬላ ላይ ነው። ካሜራዬንና ስልኬን ወሰዱ። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት በማግስቱ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ወረቀት ነው።

የራሴ ወረቀት ነው። እኛ ጋዜጠኞች ግጭት ወዳለበት ቦታ ከመሄዳችን በፊት የምንሞላው የደህንነት ቅጽ፦ በየት እንደምናልፍ፣ ማን ቤት እንደምናድር፣ ድምፃችን ከጠፋ የት እንደምንፈለግ። የላክሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአዘጋጄ። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የማየው። ጥግ ላይ በእጅ ጽሑፉ "ደርሶኛል" ይላል፤ ፊርማውም አለ።

"አለቃህ አላስቸገረንም" አለ መርማሪው ሻዩን እያማሰለ። "ገና ስንጠይቀው ሰጠን።"

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጣቱን አንድ ስም ላይ አሳረፈ። በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ሦስት ቀን ቤቱ አድሬያለሁ፤ መንገድ የመራኝም እሱ ነው።

"ይህን ሰው ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"ታዲያ ስሙን ከየት አመጣኸው?"

"ቅጹ ክፍት እንዳይሆን ነው። ሰው ሲጠራው ሰምቼ ሞላሁት።"

ሳቀብኝ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰውየውን አመጡትና ፊት ለፊት አቆሙን። አንዴ አየኝና "አላውቀውም" አለ። "በል ወላሂ በል!" ሲሉት "ለማላውቀው ሰው ብዬ የአላህን ስም አላነሳም" አለ። ሁለታችንንም አንድ መጋዘን ውስጥ ከተቱን። መሃላችን ጆሮ ጠቢ እንዳለ እስረኛው ሁሉ ያውቃል።

ሰውየው እስረኛውን ሁሉ በየተራ እየጨበጠ እኔ ጋ ደረሰ።

"ማን ልበል ወንድሜ? አገርህስ?"

በገዛ ፍራሹ ያስተኛኝ ሰው ነው። ስሜንና አገሬን እንደ አዲስ ነገርኩት። "ደህና አገር ነው" አለኝና አለፈ።

ሚስቱ ከአርዲቦ ድረስ በመኪና እየተሳፈረች ምግብ ታመጣለች። ዳቦውን ለሁላችን እኩል ይቆርሳል፣ ለእኔም እንደማንም። በአራተኛው ቀን አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ ሲያወራ ሰማሁ።

"ያስያዘኝ የሚስቴ ወንድም ነው። የድንበር ጠብ አለብን። ብቻ ልውጣ፤ እህቱን ወደ ቤቱ እሸኝለታለሁ።"

"ኧረ በአላህ! ስድስት ልጅ የወለደችልህን?"

"አሥርም ትውለድ!"

ያቺ ሴት ያመጣችውን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት። ብነግረው በንዴት አንድ ቃል ካመለጠው ሁለታችንም አለቅን። ዝም ብል ደግሞ ባልሠሩት ሥራ ትዳር ይፈርሳል። አዘጋጄን በልቤ ስሰድበው ሰነበትኩ፤ የሰውየውን ስም የጻፈው እጅ ግን የእኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሲወጣ ተከትዬ ጆጉን ያዝኩለት። ዘበኛው ራቅ ብሎ ቆሟል። ውሃውን እጁ ላይ እያፈሰስኩ አንገቴን ደፋሁ።

"ጋሼ፣ አማችዎ አይደሉም። ስምዎን ወረቀት ላይ ጽፌ ለአለቃዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እሱ ነው ወረቀቱን አሳልፎ የሰጣቸው።"

እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ። ጮኸ ስል፣

"አፍስስ" አለኝ።

አፈሰስኩ።

"ለምን ጻፍከኝ?"

"ለደህንነት ተብሎ ነው።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

ፊቱን ታጠበ፣ ራሱን አበሰ፣ እግሩን አቀረበልኝ። "አፉ በሉኝ" አልኩት። እግሩን አጥቤ ስጨርስ ጆጉን ከእጄ ወስዶ ወደ ውስጥ ገባ።

እኩለ ቀን ላይ ምግቡ ሲመጣ ዘበኛውን ጠራው። "እባክህ ለባለቤቴ፣ ‘ወንድምሽን ሰላም በይልኝ’ ብሏል በልልኝ" አለው። ከዚያ ዳቦውን ቆረሰ። የእኔም ድርሻ እንደሌላው ቀን ያው ነበር፤ ዓይኔን ሳያይ ሰጠኝ።

ማስረጃ ስላጡ በዘጠነኛው ቀን ፈቱት። ሁሉንም ተሰናበተና መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጣ።

"አፉ ብያለሁ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን ከእንግዲህ ደጄን አትርገጥ። ደህንነቴን ለመጠየቅም ቢሆን።"

"እሺ" አልኩት።

እኔ ከወር በኋላ ተፈታሁ። አዘጋጄ ሊቀበለኝ መጥቶ አቀፈኝና አለቀሰ። "አንተን እንዲጠብቁልኝ ብዬ እኮ ነው የሰጠሁት!" አለኝ። ምናልባት ከልቡ ይሆናል፤ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ከልቤ መከፋቴን ነው። እጁን ከትከሻዬ ላይ አወረድኩና ታክሲ ያዝኩ።

ዛሬም በዚያው ሙያ ላይ ነኝ። ስለ ጋዜጠኞች ደህንነት ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ያስጠለሉንን ሰዎች ስም ማን እጅ እንደምንተው እጠይቃለሁ። ነገር አበዛ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ባለፈው ለሥራ ወደ ወልዲያ ስሄድ ሚኒባሱ ሐይቅ ከተማ ሲገባ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ወደ አርዲቦ በባጃጅ ይኬዳል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ተኩሱን እንዴት እንዳለፈው፣ በሕይወት ይኑር አይኑር የነገረኝ የለም።

"ወራጅ አለ?" አለ ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ።

"የለም" አልኩት።