ለማስረጃ ያልጠጣሁት ቢራ

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ወዳጃችንን ስንብት ለማክበር ነጭ ዓባይ ዳር ባለ ሆቴል ተሰብስበን ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ባንክ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። አስተናጋጁን ጠርቶ አልኮል የሌለው ቢራ አዘዘ። አስተናጋጁ በብርጭቆ ይሁን ወይስ በጠርሙሱ ብሎ ጠየቀው፣ ልጁም መለሰለት፣ ቢራው መጣ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ተናደድኩ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ይሄንኑ ቢራ፣ በዚህችው ከተማ፣ እኔ ሳዝዘው መንገድ አስከፍሎኛል። ደህና አድርጌ ልቀይሰው የተዘጋጀሁበትን መንገድ።

ያኔ ወደ ሠላሳ እየተጠጋሁ ነበር። ጁባ የመጣሁት በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ በቀያሽነት ተቀጥሬ ነው። ከጀበል ተራራ ግርጌ፣ ድርጅቱ በተከራየው ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። የቀያሽ ሥራ ጁባ ላይ የንጋት ሥራ ነው። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ከመሬቱ የሚነሳው ወላፈን በመለኪያ መሣሪያው ሌንስ ውስጥ የሚታየውን ሁሉ ያርገበግበዋል፤ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ እንደ እባብ ይተጣጠፋል፤ ያነበብከውን ማመን አትችልም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነስተን፣ የግቢው ዘበኛ የሚያፈላውን ሻይ ቆመን ፉት ብለን እንወጣለን። ያን ሰዓት እወደው ነበር። አቧራው ጤዛ ይዞት ተኝቷል። ከማንጎዎቹ ሥር የወደቀው ፍሬ ይሸታል፣ የሌሊት ወፎቹ እየተንጫጩ ወደ ዛፋቸው ይመለሳሉ።

ዓርብ ማታ ግን ሁላችንም ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት መጠጥ ቤት እንገናኛለን። ጁባ ያኔ ከሥራ በኋላ ብዙ የሚኬድበት ቦታ አልነበራትም፤ ከግቢ ግንብ ወጥቶ ሰው የሚታይባት እሷ ብቻ ነበረች። ባለቤቷ ኛቦል ትባላለች። በስደት አዲስ አበባ ያደገች፣ እዚያው የተማረች፣ አገሯ ነፃ ስትወጣ የተመለሰች ረጅም ሴት ናት። አማርኛዋ የሰፈር ልጅ አማርኛ ነው፤ ሲደክማት ብቻ የጁባ ዓረብኛ ይቀላቀልበታል። የተጠበሰ ዓሣ፣ ፉልና ቀዝቃዛ ቢራ ታቀርባለች። አልኮል የሌለውን ቢራ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ የምታመጣው ሙስሊም ለሆኑ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበር።

እኔ መጠጣት ያቆምኩት ያለ ብዙ ወሬ ነው። ሐኪም አላዘዘኝም፣ ስለት አልተሳልኩም፣ ሃይማኖትም አልቀየርኩም። ቅዳሜ ጠዋት በሌንሱ ሳይ ዓይኔ ጥርት እንዲልልኝ ፈለግኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የቢራን ምሬትና ቅዝቃዜ ግን እወድ ነበር። ጨዋታውንም እወድ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓርብ ኛቦልን ጠርቼ የሹፌሮቹን ቢራ እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት።

ሶዳ ባዝዝ ኖሮ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ከጠረጴዛው ግማሹ ዓርብ ነው ብሎ ሥጋ የማይነካ ነው፣ እሱን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኔ ጠርሙስ ግን ከእጅ እጅ ዞረ። እንደ እኔ ቀያሽ የሆነው ሳምሶን ብድግ ብሎ ጽሑፉን ለሁሉም አነበበላቸው። አንዱ መድኃኒት ጀምረሽ ነው ወይ አለኝ፣ ሌላው ጴንጤ ሆንሽ እንዴ አለ። ለሁሉም አይደለም አልኩ። አይደለም ባልኩ ቁጥር የቀረው ምክንያት እየጠበበ መምጣቱን አላስተዋልኩም። በመጨረሻ ሳምሶን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንልበትን ቀን ያቅርበው አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አለቃችን ኢንጂነር ታደሰ ቢሮ አስጠሩኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ወባ ሲይዘን ከራሳቸው ማድቤት ሾርባ አሠርተው የሚልኩልን። ድርጅቱ ወደ ምዕራብ የሚወስድ አዲስ መንገድ አግኝቶ ነበር፣ የቅየሳውን ቡድን እንድመራም ከወር በፊት ነግረውኛል። ካርታውን እያየሁ ነበር የማድረው። ወንዞቹ የት የት እንደሚቆርጡን ሳይቀር በቃሌ አውቀው ነበር።

ሳምሶን ይምራው ብያለሁ አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ። ለምን ስላቸው እዚያ ክሊኒክ እንደሌለ፣ መንገዱ እንደሚያንገጫግጭ፣ ይህንም የሚያደርጉት ለእኔ ብለው እንደሆነ ነገሩኝ። ክሊኒክ ለሳምሶንም የለም ልል አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ።

"አርግዛለች ያለዎት ማነው?" አልኳቸው።

"ሰው ያወራል፣ ልጄ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሴት ልጅ አልጠይቅም፤ ነውር ነው።" ነገሩን የሚያቃልል መንገድ ያገኙ ይመስል ፊታቸው ፈታ አለ። "ዓርብ እንገናኝ የለ? አንዷን እንደ ድሮሽ ጠጪና ወሬው እዚያው ይቅር። እኔም ሐሳቤን እለውጣለሁ።"

ክፉ አስበው አይደለም። አሁን ሳስበው በቅን ልብ ያቀረቡልኝ መፍትሔ ነበር። ያኔ ግን ቅንነታቸው አልታየኝም። ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ይዤ ከቢሮው በቀጥታ ኛቦል ጋ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቤቱ ባዶ ነው፤ እሷ ሳህን ታደርቃለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሰማችኝና ሳቀች።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም። የሹፌሮቹን ቢራ በእውነተኛው ቢራ ጠርሙስ ገልብጬ አቀርብልሻለሁ። አንቺ አልጠጣሽም፣ እነሱ ጠጣች ይላሉ፣ መንገድሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

እንዴት እንዲህ ታስቢያለሽ አልኳት። አልተቀየመችም። አዲስ አበባ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ስሟን ለመጥራት ስለሚቸገሩ ሌላ ስም አውጥታ እንደኖረች፣ ከየት ነሽ ሲሏት ለጠያቂው የሚመቸውን እንደምትመልስ ነገረችኝ። "እኔ አስመስዬ ነው ያደግኩት፣ ሰናይት። አስመስዬም ዲፕሎማዬን ይዣለሁ" አለች።

እውነቷን ነበር። ለእሷ አስመስሎ ማለፍ የመኖር ጉዳይ ነበር፣ ልፈርድባት አልችልም። የእኔ ግን ሌላ ነው። ያን ሌሊት ሳልተኛ ስገላበጥ አደርኩ፤ ጀነሬተሩ ጠፍቶ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል። የኛቦልን ዘዴ አሥር ጊዜ ተቀበልኩት፣ አሥር ጊዜ መለስኩት። መንገዱን እፈልገው ነበር። እንዴት እንደምፈልገው ልነግራችሁ አልችልም።

ዓርብ መጣ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የሙኑኪ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ሁሉም ጫማውን በር ላይ እየጠራረገ ገባ። ኢንጂነር ታደሰ ከአጠገባቸው ወንበር ያዙልኝ። ኛቦል መጥታ ፊቴ ቆመችና የትኛውን ላምጣልሽ አለችኝ። ዓይኗ እሺ በይኝ ይላል።

"አልኮል የሌለውን" አልኳት፣ "በራሱ ጠርሙስ።"

ኢንጂነር ታደሰ በቀስታ ስሜን ጠሩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጅቼው አልነበረም፤ ራሱ መጣ።

"ኢንጂነር፣ አርግዤ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነውር ነው ብለዋል። ሥራዬን ሊወስዱብኝ ግን ነውር አልሆነብዎትም። እኔም አርግዣለሁ ወይም አላረገዝኩም ብዬ አልመልስም። ለማስረጃ ብዬ የምጠጣው ቢራ የለም።"

ሳምሶን ጫማውን ያያል። ተነስቼ መሄድ አምሮኝ ነበር። ከሄድኩ ግን አልቅሳ ሄደች እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ዓሣዬን እስከ አጥንቱ በላሁ፣ ሎሚ ጨመርኩበት፣ ሁለተኛ ጠርሙስም አዘዝኩ። ቀስ በቀስ ሰው ስለ ነዳጅ መጥፋት፣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። እኔም አወራሁ።

ሰኞ ሳምሶን ወደ ምዕራብ ሄደ። እኔ ሙኑኪ ቀርቼ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እለካ ነበር፣ ጭቃው ቦቲዬን እየጎተተ። ዓርብ ዓርብ ግን አልቀረሁም። ሁልጊዜ ያንኑ ቢራ ነበር የማዝዘው። ስገባ ዓይናቸው ቀድሞ ሆዴ ላይ ያርፋል፤ እልኬ መጣና ከኮንዮ ኮንዮ ሰፋፊ ቀሚሶች ገዛሁ። እስቲ ይገምቱ ብዬ። ኛቦል ቀሚሶቹን ባየች ቁጥር ከባንኮኒው ኋላ ሳቋን መያዝ ያቅታታል።

ክረምቱ አለፈ። የተወለደ ልጅ የለም። ተሳስተናል ያለኝ ሰውም የለም። ሳምሶን ብቻ በወባ ከስቶ ሲመለስ፣ አንድ ቀን መሣሪያ እያጸዳን ሳለ ሥራው ያንቺ ነበር አለኝ። አዎ አልኩት፤ ሌላ የጨመርኩለት ነገር የለም። በጋው ሲገባ ኢንጂነር ታደሰ ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ እንድመራ በሁሉም ፊት ነገሩኝ። ከስብሰባው ስንወጣ በር ላይ ጠብቀው፣ "ምን እንደምትጠጪ አልጠየቅኩሽም" አሉኝ። ይቅርታቸው እሷ ነበረች። ተቀበልኳት፣ መንገዱንም በደንብ ቀየስኩት።

ዛሬም ጁባ ነኝ። አንዳንዴ በሥራ ምክንያት በዚያ በምዕራቡ መንገድ እሄዳለሁ። አንድ ኮረብታ ላይ መንገዱ ያለ አግባብ ይጠመዘዛል፤ እዚያ ስደርስ እኔ ብሆን በታች በኩል አሳልፈው ነበር እላለሁ፣ ይቆጨኛልም። ይህን ታሪክ የሰሙ ወዳጆቼ አብዛኞቹ ኛቦልን ነው የሚደግፉት። ጠርሙስ መለወጥ ምን ነበረበት፣ አንድ ማታ ብቻ አይደል ይሉኛል።

እኔ ግን ያን ዓርብ ሆዴ ባዶ መሆኑን አሳይቼ መንገዱን ብወስድ፣ ሆዷ ባዶ የሆነች ሴት ብቻ መንገድ ትመራለች የሚለውን ደንብ በእጄ ፈረምኩለት ማለት ነው። ከእኔ በኋላ በእውነት አርግዛ መሣሪያዋን ተሸክማ ሥራዬን ስጡኝ ብላ የምትመጣ ቀያሽ ትኖር ይሆናል። እሷ ጠጥታ የምታስተባብለው ወሬ አይኖራትም።