ዓሣው ያለበትን አልናገርም

በቡድናችን ውስጥ የእኔ ሥራ ለቦታ ስም መስጠት ነበር። ሌሎቹ ከሳተላይት የሚመጣውን የጣናን ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የውሃውን ሙቀትና ድፍርስነት ያሰላሉ፤ ነገ ዓሣ ይሰበሰብበታል ያሉትን አራት ማዕዘን ቀይ ይቀቡታል። ቀይ አራት ማዕዘን ግን ለጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ ምንም አይነግረውም። እሱ የሚያውቀው «ዋርካው ከጉልላቱ ጋር ሲገጥምልህ መረብህን ጣል» የሚባል ቦታ ነው። እኔ የአጥማጅ ልጅ ስለሆንኩ ቀዩን አይቼ በሐይቁ ሰው አነጋገር እጽፈዋለሁ። የጻፍኩትም ጀልባ ከመነሣቱ በፊት በየአጥማጁ ስልክ ይገባል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ የቤት ሥራዬን ከቀኑ አስቀድሜ አስረክባለሁ፣ «እሺ» ማለት ይቀናኛል። መምህራችን ክፍል ገብተው «ከጎርጎራ የመጣ አለ?» ሲሉ፣ ጥያቄውን ሳይጨርሱ እጄን አንሥቼ ነበር።

በበጋው ሥራው ሸጋ ነበር። ትንበያው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ያለበትን ይናገራል፣ አጥማጁም ሐይቁን ሲያስስ አይውልም፣ ነዳጅም አያቃጥልም። አባቴ መጀመሪያ ስልክ ደውሎ ሳቀብኝ። «ሰማይ ላይ ሆናችሁ ነው ውሃ ውስጥ ያለውን የምታዩት? መልአክ ሆናችኋላ።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መልእክቱ ትንሽ ሲዘገይበት እሱ ራሱ ይደውል ጀመር። «ምነው ዛሬ መልአኮቹ ተኙ?»

የትምህርት ዘመናችን ተዛብቶ ስለነበር ክረምቱም ግቢ ውስጥ አገኘን። በሐምሌ የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ ሲወርድ ካርታው ላይ ያለው ቀይ ከሐይቁ መሃል ሸሽቶ ወደ ወንዞቹ አፍ ተጠጋ። በዚያ ሰሞን ነጩ ዓሣ የምንለው ሌላው ዘር እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ ይሄዳል። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ይህን ጎርጎራ ላይ የማያውቅ የለም። የማይታወቀው የትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ቀን የሚለው ነው። ሁለቱ ወንዞቻችን፣ ድርማም መገጭም፣ ሐይቁ ጋ ሲደርሱ በደንገሉ መሃል ተበታትነው በብዙ አፍ ይገባሉ፤ ዓሣው ዛሬ በዚህኛው፣ ነገ በዚያኛው ነው።

ያን ሳምንት ቀዩ ያረፈው ድርማ ላይ፣ ከደንገሉ በስተግራ ባለው ጠባብ መግቢያ ነበር። የኛ ሰዎች የሚጠሩበትን ስም አውቀዋለሁ። አሳምሬ ጻፍኩት። መምህሩ «ያለ አንቺ ይህ ሥራ አይሆንም ነበር» አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጭዋሂት አድርጌ አገር ቤት ወረድኩ። የጻፍኩት ነገር ምን እንዳመጣ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው። ከመኪናው እንደወረድኩ የዓሣው ሽታ ተቀበለኝ። ዳርቻው ላይ ባዶውን የተመለሰ ጀልባ አልነበረም። እናቴ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዓሣ ስትቀድ አገኘኋት፤ እስከ ክርኗ ድረስ ቢጫ እንቁላል ለብሳለች። ቢላዋው ሆዱን በነካው ቁጥር እንቁላሉ ይዘረገፋል። አጠገቧ የነበረው ሳፋ ሞልቶ ወደ አሸዋው ይፈስሳል፣ ወፎቹም ጠግበው ትተውት ቆመዋል።

«ሁሉም እርጉዝ ናቸው እንዴ?» አልኳት።

«አንድም መሃን አልገጠመኝ» አለችና ሳቀች። «ነይ፣ እጅሽን ሰብስበሽ አትቁሚ፤ ያዥ ቢላዋ።»

የአባቴ የጀልባ ባልንጀራ፣ ሁላችንም «አያ» ብቻ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መረባቸውን እያጠቡ ከሩቅ ጠሩኝ። «ተሜ! ነይማ ልመርቅሽ። ዕድሜ ልኬን ይህ ዓሣ ሲሸውደኝ ኖሯል። እኔ ድርማ ስጠብቀው እሱ በመገጭ ያልፋል፤ መገጭ ስሄድ በድርማ ይስቅብኛል። ዘንድሮ አንቺ ያዝሽልኝ።»

«አያ፣ ሁሉም ጀልባ እዚያው ነበር?»

«ሁሉም! ጀልባ ከጀልባ እየተጋጨ፣ መረብ በመረብ ላይ። አንዷም ዓሣ አላለፈች።» በደስታ ነው የነገሩኝ።

እሑድ ወደ ጎንደር ስመለስ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ይህንኑ አሰብኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ ዓሣውን የጠበቀው ሕግ አልነበረም። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ክልክል ነው ሲባል ከልጅነቴ እሰማለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ዓሣውን የጠበቀው የእኛ አለማወቅ ነበር። ግማሹ ጀልባ ሲሳሳት በዚያ ክፍተት የሚያልፈው ነው ሽቅብ ወጥቶ የሚራባው። አሁን ያን ክፍተት ደፍነነዋል። የደፈነውም የእኔ ቃል ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ተሰበሰበ። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ አገር አያልቅም። ቄሶቹ አይበላም ይላሉ፤ የጎንደር ፒያሳ ምግብ ቤቶች ግን በፍልሰታ ከዓሣ የበለጠ የሚሸጡት የለም። አባቴም «እኛ አንበላም፤ የበላ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ» ይላል። እናም ገበያው የሚደራው ልክ ዓሣው እንቁላል ይዞ ወንዝ አፍ ላይ በሚቆምበት ሰሞን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀይ እንደዚያን ቀን ደምቆ አይቼው አላውቅም።

መምህሩ ወንበሩን ሳቡልኝ። «በይ፣ ስሙን ጻፊልን።»

«አልጽፈውም፣ መምህር» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር፤ ስለዚህ ደገምኩት። «አልጽፈውም።»

ያየሁትን ነገርኳቸው። ሳፋውን፣ የአያን ሳቅ፣ ክፍተቱን። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኛ መረብ አንጥልም። መረጃ ነው የምንሰጠው። ምን ያህል ማጥመድ እንዳለባቸው የሚወስን ሌላ ክፍል አለ። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራውን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ።»

«ያ ሌላ ክፍል ሐይቁ ላይ የለም፣ መምህር። እዚያ ያለው የእኛ መልእክት ብቻ ነው።»

ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ጣልቃ ገባ። «ለምን ይከብዳል? ‹መገጭ› ብለን እንላከው።»

«መገጭ ስንት አፍ አለው?» አልኩት።

«አንድ ነዋ።»

መምህሩም ሳቁ። እሱ ግን አልተሸነፈም። «እሺ፣ እንግዲያው የተሳሳተ ቦታ ጻፊላቸው። ባዶ ሐይቅ ላይ ይዋሉ። ዓሣሽም ይተርፋል፣ እኛም ትንበያ ልከናል።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ሐሳብ ለትንሽ ጊዜ ጣመኝ። ማንም አይቆጣኝም ነበር። ግን እነዚያ ሰዎች ስልካቸውን አምነው በጨለማ ይነሣሉ፣ አባቴም አንዱ ነው። «ሐሰት አልጽፍም» አልኩ። «ያመኑንን ማታለል አልፈልግም። የማውቀውን ደግሞ ለዚህ ሥራ አልሰጥም።»

«ዝም እንበላ» አለ ተማሪው ተሰላችቶ።

«ዝም ካልን ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላሉ። አልተበላሸም። እምቢ ያልነው እኛ መሆናችንን ይወቁት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መጀመሪያ ለእንግዶቹ ምን እንደሚሉ ያሰቡ መሰለኝ። ከዚያ በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ድምፅ፣ «እኛ አይደለንም፤ አንቺ ነሽ» አሉ። «እንግዲያው የራስሽን ጻፊ። ከሥሩ ግን የራስሽን ስልክ ቁጥር አድርጊበት። የሚቆጣ ሁሉ ለአንቺ ይደውል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ሌላ የጎርጎራ ልጅ እፈልጋለሁ።»

እንደሚያስፈራሩኝ ገብቶኛል። እንደ ልማዴ «እሺ» ብዬ እንደምመለስም ጠብቀው ነበር። «እሺ» አልኩ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የዛሬ ትንበያ። ነጩ ዓሣ የት እንዳለ እናውቃለን። እንቁላል ይዟል፣ ሊወልድ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አንናገርም። ክረምቱ ሲወጣ እንመለሳለን። ቅር ያለው በዚህ ቁጥር ይደውል።»

ቁጥሬን ከሥሩ አደረግሁ። «እናውቃለን» የሚለውን መምህሩ አይተው አለፉት፤ እኔም ወደ «አውቃለሁ» አልለወጥኩትም። ተማሪው መላኪያውን ከመንካቱ በፊት ዞሮ አየኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ከግቢው በር ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። የመጀመሪያው ደዋይ ራሱን ሳያስተዋውቅ «ለዓሣ ዳሩሽ እንዴ?» አለኝ። ሁለተኛው «የዓሣ አዋላጅ ሆንሽ አሉ፤ የማዋለጃ ስንት ታስከፍያለሽ?» ብሎ፣ አጠገቡ ካሉት ጋር እስኪጠግብ ሳቀ። ሦስተኛው አልሳቀም፤ የጾሙ ገበያ ከእጁ እንደሚያመልጥ፣ ልጆች እንዳሉት፣ እኔ በመንግሥት ምግብ ጠግቤ በእሱ እንጀራ እንደምቀልድ ነገረኝ። «በሚመጣውም ዓመት ልጆች አሉዎት» አልኩት። ዘጋብኝ። መልሴ ትክክል ነበር፤ ለእራቱ ግን አይሆነውም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ቦታውን አልነገርኩትም።

ከዚያ አባቴ ደወለ።

«ምነው?» አለ፣ ሰላም ሳይለኝ።

«አባ፣ እንቁላል ይዟል።»

«ዓሣ በየዓመቱ እንቁላል ይይዛል። አንቺንም ያሳደግሁሽ በእሱ ነው፣ እሜቴ።»

«አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ግማሹ ያመልጥህ ነበር።»

ከኋላው አያ «ጠይቃት፣ ለአባቷማ አትደብቅም» ሲሉ ይሰማኛል።

«ለሰው አትናገሪ፣ ይሁን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእኔ ብቻ። መገጭ ነው ድርማ?»

«አልናገርም።»

«ለአባትሽ?»

«ለአንተ ከነገርኩ ሌላውን በምን አፌ እከለክላለሁ?»

ተነፈሰ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፤ አባቴ ግን በዋዛ የሚለቅ ሰው አይደለም። «እሺ፣ ድርማ እሄዳለሁ» አለና ዝም ብሎ ጠበቀ። አተነፋፈሴን እያዳመጠ እንደሆነ ገባኝ፤ ልጅ ሳለሁ ውሸቴን የሚይዘው እንዲህ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ። «ወይም መገጭ እሄዳለሁ» አለ። አሁንም አልተነፈስኩም።

«ይህን ከማን ተማርሽው?»

«ከአንተ።»

«እንግዲያው እንደ ድሮዬ በግምት እሄዳለሁ» አለ። «ባገኘው ግን በፊትሽ እዘረግፈዋለሁ።»

«ሂድ፣ አባ። ካገኘኸው ያንተ ነው። እኔ ግን አላሳይህም፤ ነገም ብትጠይቀኝ፣ ለከርሞም ብትጠይቀኝ።»

ሳይሰናበተኝ ዘጋው። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ እንደገና ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። አነሣሁት።