በሹክሹክታ የተጠና ጀርመንኛ

እትዬ ላማራ ጀርመንኛ የሚያስተምሩት በረንዳቸው ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ በዚያ የትብሊሲ ግቢ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈተን ልጅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ተቀምጧል።

«ጮክ በይ! ፈታኙ አፍሽ ውስጥ ገብቶ አይሰማሽም!» ይላሉ።

ታች ታክሲውን የሚያጥበው ሾታ አንገቱን ያቀናል። «እትዬ ላማራ፣ ነሐሴ ላይ እኔንም አስፈትኑኝ! ሰምቼ ሰምቼ ጨረስኩት እኮ።»

«አንተ መጀመሪያ የአገርህን ጆርጂያኛ አስተካክል!»

ግቢው ይስቃል። በዚያ ዓመት የቀረቻቸው ተማሪ የላይኛው ፎቅ ልጅ ማክቫላ ብቻ ነበረች። አምና ወድቃለች። አባቷ ጉራም ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ ዘንድሮም ከወደቀች አክስቷ የምትሠራበት ስፌት ፋብሪካ ትገባለች፣ የጀርመንኛ ወሬም ያበቃል።

ሐምሌ ሲገባ ታማዝን ወንዝ ወሰደው። ታማዝ በረንዳዋ ከእትዬ ላማራ ፊት ለፊት የሆነው የኤተሪ አንድ ልጅ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግቢው እስከ አርባው ዝም አለ። ራዲዮ ተዘጋ። ሾታ እንኳ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ማስነሳት ነውር ሆኖበት መኪናውን እስከ በሩ በእጁ እየገፋ ያወጣ ጀመር።

ማክቫላ ጥቁር ለብሳ መጣች። «እትዬ፣ ትምህርቱስ?»

«በሹክሹክታ፣ እናቴ። ቀስ ብለን።»

«መናፈሻው ብንሄድስ? እዚያ ማንም አይሰማንም።»

«ኤተሪ ልጇን ቀብራ እነሱ መናፈሻ ይንሸራሸራሉ እንድንባል? ደግሞስ በዚህ ዳሌዬ?»

ዳሌያቸው እስከ መናፈሻው ባደረሳቸው ነበር። የፈሩት የኤተሪን ዓይን ነው፤ መጽሐፍ ታቅፈው ሲወጡ በመስኮቷ ብታያቸው፣ የሰው ልጅ ገና ሊማር ነው፣ የኔ ግን አፈር ገባ የምትል መሰላቸው።

ስለዚህ በዚያ ሙቀት ከበረንዳው ቤት ገብተው፣ መስኮት ዘግተው፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው አጠኑ። ልጅቷ ስህተቷ እየጠፋ ሄደ። እትዬ ላማራ ከንፈሯን እያዩ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ድምጿን ከሰሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ግን አላሰቡም።

የቃል ፈተናው ቀን ማክቫላ ከቀትር በፊት ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች።

«ሁሉንም አውቀው ነበር፣ እትዬ።»

«እና?»

«አይሰማንም አሉኝ። ጮክ በይ አሉኝ። ደጋግመው አሉኝ። ጉሮሮዬ እምቢ አለ... ኤተሪ ግድግዳው ጀርባ ያለች መሰለኝ። ከዚያ አንደኛው ሳቀ።»

«ስንት ሰጡሽ?»

«ከአምስት ሁለት።»

በሁለት የሚገባ የለም።

ጉራም ማታ አልጮኸም፤ አርባው ገና አልወጣም ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰኞ ከአክስትሽ ጋር ትሄጃለሽ» አላት፤ እሷም ዝቅ ባለ ድምፅ «እሺ» አለች።

አርባው በወጣ ማግስት ኤተሪ ከተዝካሩ የተረፈ ሩዝ በሳህን ይዛ ወደ እትዬ ላማራ መጣች። ፊቷ ከስቷል።

«ማክቫላ ወደቀች አሉ። ያቺ ጎበዝ ልጅ?»

«ወደቀች።»

«በኔ ምክንያት ነው እንዴ? ዝም ያላችሁት ለኔ ብላችሁ ነበር፣ አይደል?» ኤተሪ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔ እኮ ድምፃችሁን ስጠብቅ ነበር። ታማዝ ጀርመንኛችሁን እያስመሰለ ያስቀኝ ነበር። እናንተም ዝም ስትሉ ቤቱ ጭራሽ ባሰብኝ።»

እትዬ ላማራ ማንኪያ ፍለጋ ተነሡ። መሳቢያውን ከፈቱት፤ ማንኪያው ፊታቸው እያለ ፈለጉ።

«ኧረ አንቺ ምን አደረግሽ! ፈታኙ ክፉ ሆኖባት ነው» አሉ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ። «ክፉ ሰው አይጠፋም።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ሩዙን ከአንድ ሳህን በሉ፤ ቀዝቅዞ ነበር። ማክቫላ ከፋብሪካ ስትመለስ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሁለቱም ሰሙት። ደረጃውን ወጥታ በበሩ በኩል አለፈች። አንዳቸውም አልጠሯትም።