የናይሮቢው ስልጠናና የእኔ ጥናት

በደርግ ጊዜ መቱ ባንክ ቤት ውስጥ «የኃይል ኢንቨስትመንት ባለሙያ» ነበርኩ። ሲጠራ አፍ ይሞላል። ሥራው ግን ከጎሬ ቡና መፈልፈያ ወይም ከሁሩሙ ወፍጮ የጄኔሬተር ብድር ማመልከቻ ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። መልሱ እስኪመጣ የጠየቀው ማኅበር ሁለት ሊቀመንበር ይቀያይራል።

አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ናይሮቢ ተሻግሮ ባንክ ገብቷል። በሰው እጅ በሚልካቸው ደብዳቤዎች ለግድብ ስለሚያበድረው ብድር ይተርክልኛል። ሥራችን በስም አንድ ነው፤ እሱ መኪና ይነዳል፣ እኔ የመሥሪያ ቤቱን ብስክሌት ተራ እጠብቃለሁ። ቅናት አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

አንድ ቀን ናይሮቢ ለሚሰጥ የኃይል ብድር ስልጠና ለቅርንጫፋችን አንድ ቦታ መጣ። በዘርፉ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ችግሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ሳይፈርም ማንም ከአገር አይወጣም።

«ጓድ፣ መጀመሪያ የጎረቤት አገሮችን ባንከኞች ኑሮ ከእኛ ጋር አነጻጽረው በውይይት ክበብ ያቅርቡ፤ ልብዎ እንዳልሸፈተ እንይ» አለኝ።

ጻፍኩ። የናይሮቢው ባንከኛ ለአለቃው ሲያጎበድድ ወገቡ ጎብጧል፣ የካርቱሙ የልጆቹን መልክ ረስቷል፣ የመቱው ግን ቀና ብሎ ይሄዳል አልኩ። ያለ ኀፍረት ዋሸሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳነበው ገንዘብ ያዣችን እንባዋን ጠረገች። ጭብጨባው ሲደምቅ እኔ በልቤ ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር።

ካድሬው ተነሳ። «ጓዶች፣ ይህን ሰምተን እንዲህ ያለ ኩሩ ጓድ ወደዚያ ሲኦል እንልካለን? መሥዋዕትነቱን እኔ እከፍላለሁ!» ወረቀቱንም «ለፋይል» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ተጨበጨበ። እኔም እያረርኩ አጨበጨብኩ።

ስወጣ ጥበቃችን፣ የሁሩሙ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። «ማል ጎና ጋሼ፣ ምን ይደረጋል! ትንሽ አበላሽተው ቢጽፉት እኮ ይሄዱ ነበር።»

ስልጠናው አለቀ፤ ካድሬው አልተመለሰም። ዓመት ሊሞላ ሲል ከጓደኛዬ ደብዳቤ መጣ።

«ከመቱ የመጣው ሰው እኛ ጋ ተቀጠረ። ለቃለ መጠይቁ የጎረቤት አገሮችን ባንከኞች ኑሮ የሚያነጻጽር ጥናት ይዞ ቀረበ። ለካ የመቱው ባንከኛ ለአለቃው ሲያጎበድድ ወገቡ ጎብጧል! አለቃችን እንባ ተናነቃቸው። አንተስ ወገብህን እንዴት ነህ?»